ማን ነው ያበሰለው?

የአዳማ ሰው ሰዓት የሚያውቀው በአፍንጫው ነበር። እሳት ከተከለከለ ወዲህ ማብሰል በተራ ሆኗል። ጠዋት በባቡር ጣቢያው በኩል ያሉት ሕንፃዎች ሽንኩርት ያቁላላሉ፤ እነሱ ሲያበቁ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ወደ ቀጣዩ ብሎክ ይተላለፋል፤ ሽታውም እንደ ተረኛ ዘበኛ ከደጅ ደጅ ሲዞር ውሎ አመሻሽ ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ከቆሙበት ኮረብታ ሥር ይጠፋል። «ሽንኩርት ሳይደርሰን እመጣለሁ» ያለ ሰው መቼ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል።

እሳትን በዓይኑ ያየ ሰው እያነሰ ሄዷል። ልጆች ክብሪትን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ሙሽሮች «ድስታችሁ ከመሐል አይነቃነቅ» ተብለው ይመረቃሉ። በመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ሕፃናቱ፣

ክዳን ክደኑ፣ ኃይሉን ቀንሱ፣
ባዶ ድስት ጥዳችሁ አትርሱ

እያሉ ያጨበጭባሉ። ይህን እንደ እንግዳ ነገር የሚያየው የለም። በከተማው ውስጥ ሰው በቃጠሎ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል። ይህም እውነት ነው።

ሐሴትና ባሮክ የሚኖሩት ረፋድ ላይ ተራ ከሚደርሰው ብሎክ፣ ከላይኛው ፎቅ ነበር። እሷ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት ናት። እሱ ዕድሜውን በሆቴል ወጥ ቤት የጨረሰ ሼፍ ነው። ስለዚህ በቤታቸው ወጥ የሚሠራው እሱ፣ ዕቃ የምታጥበው እሷ ነበረች። ተጋብተው አንድ ልጃቸውን ማዕዶትን አሳድገው፣ ድረው፣ ወደ ሰመራ እስኪሸኙ ድረስ ይህ አልተለወጠም። ሐሴት ድስት ስትጥድ ያያት ሰው ቢኖር ባሮክ ታሞ የተኛበት ቀን መሆን አለበት።

ባሮክ ተራቸው ከመድረሱ በፊት የኢንዳክሽን ምድጃውን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል። ድስቱን ገልብጦ ቂጡ አለመጉበጡን በመዳፉ ዳብሶ ያረጋግጣል። ከዚያ መሐል ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ምድጃው በዝግታና በትሕትና በምትናገር ሴት ድምፅ «ድስቱ መሐል ላይ ነው፤ አመሰግናለሁ» ሲለው፣ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይመልሳል። ሐሴት በዚህ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

የጀመረው በአንድ ተራ ቀን ነው። ባሮክ መጥበሻውን ጣደና ጨው በእጁ እንደያዘ ቆመ። ዘይት አልጨመረም፤ ሽንኩርቱም ከመክተፊያው ላይ አልተነሣም። ባዶው መጥበሻ መጋል ሲጀምር ምድጃው ራሱን አጠፋ።

«ባዶ ዕቃ ተጥዷል» አለ ድምፁ። «ማን ነው ያበሰለው?»

ባሮክ ወደ ሐሴት ዞረ። ጥያቄው ሳይሰማው ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ነበር የሚያያት። ሐሴት ብዙ ዓመት አስተምራለች፤ ያንን ፊት ታውቀዋለች።

«ባሮክ?» አለችው።

«ምን አለች?» አላት።

ምድጃው ጥያቄውን ደገመ። መልስ ካላገኘ ጥበቃ እንደሚልክ፣ ስም ካገኘ ደግሞ ስሙን እንደሚይዝ የማያውቅ የለም። የተያዘ ስም ሲበዛ ምን እንደሚሆንም ይታወቃል። ጎረቤታቸው አቶ ኢዘዲን ሚስቱ ከሞተች በኋላ ድስት እየጣደ ወደ መስኮቱ እየሄደ ይቀር ጀመር። አንድ ቀን ሻንጣውን አንጠልጥሎ አሳንሰር ሲጠብቅ አገኙት። ወደ ጋራ ማዕድ ልገባ ነው አላቸው። በምድጃ የማይታመኑ ሰዎች የሚኖሩበት፣ ምግብ ተሠርቶ የሚቀርብበት ቦታ ነው። «ምግቡ ጥሩ ነው ይላሉ» ብሎ ጨበጣቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

«እኔ ነኝ» አለች ሐሴት ወደ ምድጃው። «ሐሴት።»

«ሐሴት። አመሰግናለሁ። ሲያበስሉ ይጠንቀቁ።»

ባሮክ ጨውን አስቀመጠ። «አንቺ ነሽ እንዴ የጣድሽው?»

«አዎ። ረስቼው ነው።»

«አይዞሽ» አላት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ። «ይህ እኮ ማንንም ያጋጥማል።»

በሚቀጥሉት ወራት አጋጠመ። ባሮክ የሸክላ ሳህን ጥዶ ለምን እንደማይሞቅ ግራ ገብቶት ይጠብቃል። ማማሰያ ያነሣ መስሎት ሹካ መስታወቱ ላይ አጋድሞ ይሄዳል። አንዴ የፈላ ወተት ላይ ክዳኑን ጭኖ፣ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ነፋስ ሲቀበል አገኘችው። ምድጃው በጠየቀ ቁጥር ሐሴት ከየትም ክፍል ሮጣ ትደርስና «እኔ ነኝ» ትላለች። ገላዋን እየታጠበች ከሆነ በፎጣ ተጠቅልላ ትመጣለች።

ለባሮክም የምትለው ይህንኑ ነው። እውነቱን ልትነግረው ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። አንደኛው ላይ ሽንኩርት እየከተፈ ያንጎራጉር ነበርና ተወችው። ሌላው ላይ ደግሞ ገና ስሙን ስትጠራው ፈገግ ብሎ ዞረና ተወችው። ደግሞስ ምን ብላ? ከልጅነቱ ጀምሮ በእጁ ያደረ ሙያ ነው። እሱን ወስደው ምን ይተዉለታል?

ባሮክ ግን ያመነው እሷን ነበር። ሚስቱ እየረሳች መሆኑ አሳሰበው። ቢላዎቹን ከፍ ወዳለው መደርደሪያ አወጣቸው። ድስት ለማጠብ ወደ ምድጃው ስትጠጋ ክንዷን በቀስታ ይዞ «ተይው የኔ እመቤት፣ እኔ አለሁልሽ» ይላታል። ምግብ ላይ ዓይኑን አይነቅልባትም፤ ቀድሞ ያጎርሳታል፤ ውሃ መጠጣቷን ይጠይቃታል። ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ተንከባክቧት አያውቅም። ሐሴት አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍትና ትስቃለች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥባትና ፊቷን ታጥባ ትወጣለች።

አንድ ቀን ማዕዶት ደወለች። ድምፅዋ እንደ ነርስ ለስልሶ ነበር።

«እማዬ፣ አባቢ ሁሉንም ነግሮኛል። ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምን ነገረሽ?»

«ትንሽ ትንሽ እየረሳሽ እንደሆነ። አትቆጪው፣ ጨንቆት ነው።»

ባሮክ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። እጁ እጇ ላይ ነው። እየሰማ «እሱ ነው» ልትላት አትችልም። ሌላ ቀን፣ ለብቻዬ ስሆን እደውላለሁ ብላ አሰበች። ግን ማዕዶት ብታውቅ ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም። ምድጃዎቹን ለሚቆጣጠረው ቢሮ ታመለክታለች፤ ማመልከት ለአባቷ የሚጠቅም ይመስላታል።

«ድካም ነው ልጄ» አለቻት። «ያልፋል።»

ቢሮው ሰው የላከው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የመጣችው ወጣት ሲፈን ትባላለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሁለቱንም ጎንበስ ብላ ሰላም አለች። ከምድጃ ደኅንነት ቢሮ እንደሆነች ተናገረች፤ በእጇ ምንም አልያዘችም።

«እማማ ሐሴት፣ እንዳይደነግጡ። ብዙ ሰው ቤት እሄዳለሁ። ትንሽ አብረን እናብስላለን፣ እንጨዋወታለን፣ በቃ።»

«መጀመሪያ ሻይ ጠጪ እንጂ» አለ ባሮክ።

«በኋላ አባባ። መጀመሪያ እማማ ሽንኩርት ያቁላሉልኝ።»

ሐሴት ወደ ምድጃው ቀረበች። ባሏ በየቀኑ ሲሠራ ያየችውን አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ሠርታው ግን አታውቅም። ያነሣችው ድስት መስታወቱ ላይ ካለው ክብ ሰፋ። ምድጃው ድስቱ መሐል ላይ እንዳልሆነ ነገራት። ስታስተካክለው ክዳኑ አምልጧት መስታወቱ ላይ ወደቀ። ዘይቱን ቶሎ አፈሰሰች፤ ኃይሉን ልቀንስ ብላ ጨመረችው። ሽንኩርቱ ጠርዙ ጠቆረ፤ መሐሉ ጥሬ ነው። ምድጃው ራሱን አጠፋ።

ሲፈን የወደቀውን ክዳን አንሥታ ወደ ቦታው መለሰች።

«አሁን አባባ ይሞክሩልኝ።»

ሐሴት አሁን ይታያል፣ አሁን ያልቃል ብላ ጠበቀች፤ በልቧ ፈርታም ተስፋ አድርጋም ነበር። የትኛው እንደሚበዛ እሷም አታውቅም።

ባሮክ እጅጌውን ሰበሰበ። ያን ቀን ደህና ቀኑ ነበር። ወይም ቀኑ ምንም ይሁን እጁ ራሱ አልረሳም። ሽንኩርቱን የከተፈበት ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነበር። ለክቡ ልክ የሆነውን ድስት ሳያይ አነሣ። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገ አቁላላ፤ ሲንተከተክ ኃይሉን ዝቅ አደረገ፤ ከደነ። ሊበስል ጥቂት ሲቀረው ደግሞ አጠፋውና «የቀረውን ድስቱ በራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል፤ ኃይል ለምን ይባክናል?» አለ። ሲከፍተው ክፍሉ መዓዛ በመዓዛ ሆነ። ሲፈን ምራቋን ስትውጥ ሐሴት አየቻት።

«አባባ፣ እንዲህ የሚያበስል ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሥራዬ ነበር» አላት ባሮክ ደስ ብሎት።

ከዚያ ሲፈን ከሐሴት አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ምድጃው የሐሴትን ድምፅ ብዙ ጊዜ እንደያዘ ነገረቻት። ጥቂቱንም አሰማቻት። «እኔ ነኝ» ይላል ድምፁ፤ አንዴ እንቅልፍ የተጫነው፣ አንዴ የሚያለከልክ፣ አንዴ የተቆጣ። «እኔ ነኝ። ሐሴት። እኔ ነኝ።» ሐሴት የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው መሰላት።

«ወደ ጋራ ማዕድ ቢገቡ ይሻላል» አለች ሲፈን።

«አብረን?»

«አባባ ደህና ናቸው። ደህና ሰው እዚያ ቦታ አይዝም። እሳቸው ቤታቸው ሆነው እያበሰሉ ይኖራሉ።»

ሐሴት ብድግ አለች። ባሮክ ምድጃው አጠገብ ብቻውን ቆሞ ታያት፤ ወተት ጥዶ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የሚመልስለት ሰው ሳይኖር።

«እሱ ነው» አለች። «እኔ አይደለሁም። የሚረሳው እሱ ነው፤ ስንጠየቅ ለእሱ ብዬ ነው እኔ ነኝ የምለው። ጠይቂው። ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ ጠይቂው!»

በባሮክ ፊት ላይ ቁጣ ይታያል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልታየም። ያየችው ሐዘን ነበር፤ ለእሷ ያዘነው ሐዘን። ቀስ ብሎ መጣና ትከሻዋን አቀፋት። ለሲፈን፣ ልጅ ፊት ለአዋቂ እንደሚደረገው፣ በዓይኑ ምልክት ሰጣት።

«እውነቷን ነው» አለ። «እኔ ነኝ። የረሳሁት ሁሉ እኔ ነኝ። እሷን ተያት።»

የሲፈን ዓይን እንባ አቀረረ። «ስንት ባል እንዲህ ይላል?» አለች። ወደ ሐሴት ዞራም ድምፅዋን ይበልጥ አለሰለሰች። «እማማ፣ አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ ነው የሚለው። የራስን መርሳት ሌላው ላይ ማየት የሕመሙ ጠባይ ነው። ጥፋት የለብዎትም።»

«እሺ ምድጃውን ንቀሉት» አለች ሐሴት። «ንቀሉትና ሁለታችንም እዚሁ እንቅር። ዳቦ እንበላለን።»

«ምድጃ የሌለው ቤት እኮ ቤት ተብሎ አይያዝም።»

«እኔ አልሄድም ብልስ?»

«ያልተፈቀደለት ሰው ባለበት ፎቅ ኃይል አይለቀቅም። ጎረቤቶችዎ ናቸው የሚጎዱት።» ሲፈን ይህን ስትል አንገቷን ደፍታ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ሐሴት ልጅቷ ክፉ ብትሆን ትመርጥ ነበር፤ ክፉ ሰው ይለመናል፣ ይሰደባል፣ ይታለላል።

ማዕዶት በስልክ አለቀሰች። «ምድጃው አይሳሳትም እኮ እማዬ» አለቻት። ሐሴት ከምድጃው ጋር እንደማትከራከር፣ ምድጃውም የያዘው እውነተኛ ድምፅዋን መሆኑን ልታስረዳት ሞከረች። ስታስረዳት ደግሞ ነገሩ እየተወሳሰበ፣ የረሳ ሰው ወሬ እየመሰለ ሲሄድ ለራሷም ተሰማትና ማስረዳቱን ተወችው።

የወሰዷት በማግስቱ ጠዋት ነው። ባሮክ ሻንጣዋን ራሱ ይዞላት እስከ መኪናው ወረደ። «ቶሎ ይሻልሻል» አላት። «ሲሻልሽ የምትወጂውን የምስር ወጥ እሠራልሻለሁ።» መኪናው ሲነሣ ዞራ አየችው። እያውለበለበ ነበር። ከዚያ እጁን አውርዶ ወደ ግራና ቀኝ ተመለከተ። የሕንፃቸው መግቢያ የቱ እንደሆነ እየፈለገ እንደሆነ ገባት። መስታወቱን መታች፤ ሾፌሩ ግን ወደ ዋናው መንገድ እየታጠፈ ነበር።

የጋራ ማዕድ ንጹሕ ቦታ ነው። ግቢው ውስጥ ቡገንቪሊያ አለ፤ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ማንኪያው የላስቲክ ነው። ጠባቂዎቹ በስም ይጠራሉ፣ ያቅፋሉ። አቶ ኢዘዲንን ጠየቀች፤ ባለፈው ዓመት አርፏል አሏት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐሴት መላ ያገኘች መሰላት። ስልክ በፈለጉት ጊዜ ይፈቀዳል። ስለዚህ ልክ የብሎካቸው ተራ ሲደርስ ትደውልለት ነበር።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ሽሮ።»

«ድስቱን አነሣህ? መሐል አድርገው። ምን አለችህ?»

«አመሰግናለሁ አለች።»

«ውሃ ጨምር መጀመሪያ። ጨመርክ? አሁን ከምድጃው አትራቅ። ወሬ አውራልኝ።»

እሱም ያወራላታል። ሆቴል ሳለ ስለ ተበላሸ ሰርግ፣ ማዕዶት ስትወለድ ስለነበረው ዝናብ። እሷም በመሐል በመሐሉ «ቀንሰው»፣ «ክደነው»፣ «አጥፋው» ትለዋለች። «አንቺ ማስተማር አይለቅሽም» እያለ ይስቃል። ከዚያ ሲበላ ትሰማለች። ጉሮሮው ሲውጥ እስክትሰማ ድረስ ስልኩን አትዘጋም። እሱን እያበላች የራሷን ትሪ ሳትነካው ይወስዱታል፤ ግድ አልነበራትም።

አንድ ቀን የስልክ ሰዓት ተለወጠ። ለነዋሪዎቹ ዕረፍት ሲባል ከእንግዲህ የሚደወለው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ተባለ። ሐሴት ጠባቂዋን ለመነች። የብሎካችን ተራ ረፋድ ነው፤ ለእኔ ብቻ ጥቂት ደቂቃ ፍቀዱልኝ አለች።

«እማማ፣ እዚህ ማንም ተራ የለውም» አለቻት ጠባቂዋ እየሳቀች። «ከዚያ ሁሉ ጣጣ ሊያርፉ አይደል የመጡት?»

ከሰዓት በኋላ ስትደውል ባሮክ ያነሣል። በልተሃል ወይ ስትለው በልቻለሁ ይላል። ምን በላህ ስትለው ትንሽ ያስብና «ያው አንቺ የሠራሽውን» ይላታል። ሐሴት ስልኩን በሁለት እጇ ትይዛለች። ድምፁ በየቀኑ ይቀጥናል። ማዕዶትን ብትለምናት ምድጃው ምንም አደጋ እንዳላሳየ ጠይቄ አረጋግጫለሁ አለቻት፤ በበዓል እመጣለሁ አለች። ለጠባቂዎቹ ብትነግራቸውም እንዲሁ ነው። ምድጃው ደግሞ እውነቱን ነበር፤ ባዶ ሲጣድ ይጠፋል፣ ሲረሳ ይጠፋል። ምንም አልነደደም። ጥሬ ምስር በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መቀመጡ አደጋ አይደለም።

ረፋድ ሲሆን ግቢው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «ውሃ ጨምር። ክደነው። አጥፋው።» ጠባቂዎቹ ይህን አይተው ለብቻዋ ታወራለች ብለው በርኅራኄ ተነጋገሩ።

ባሮክን ያመጣችው ሲፈን ናት። ክረምቱ ወጥቶ ነበር። ሐሴት ከመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ስታየው መጀመሪያ አላወቀችውም። ቀበቶው ዞሮት ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ የሸሚዙ አንገት ሁለት ሰው ያስገባል።

«ምድጃው በጠየቃቸው ቁጥር ‹እኔ ነኝ› ሲሉ ቆዩ» አለች ሲፈን። ዛሬ የሐሴትን እጅ አልያዘችም። «እኛም በዚህ በኩል… ዘግይተን ነው ያየነው።»

«እንግዲያው ገብቷችኋል» አለች ሐሴት። «ከመጀመሪያውም እሱ ነበር።»

ሲፈን ወለሉን አየች። «የእርስዎ ጉዳይ ተዘግቷል እማማ። ቤቱም ለአዲስ ሙሽሮች ተሰጥቷል።» ከዚያ ድምፅዋ አነሰ። «ብትወጡስ አሁን ወዴት ትገባላችሁ?»

ሐሴት ባሮክን ክንዱን ይዛ ወደ ገበታው ወሰደችው። ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ እሷን አያት፤ በወንበሩ ላይ ትንሽ ተነሥቶ ጎንበስ አለላት።

«ደህና ዋሉ እመቤቴ?» አላት። «ይቅርታ፣ ቦታዎን ያዝኩብዎት?»

ሐሴት በሕይወቷ ከባሏ አፍ «እርስዎ» ተብላ አታውቅም። ሲታጩም አንቺ ነበር ያላት።

«አልያዙብኝም» አለችው። «ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ቆይቶ ወደ እሷ ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚህ የምቆየው ለጥቂት ቀን ነው። ባለቤቴ ቤት ብቻዋን ናት፣ ትንሽ ትረሳለች። ድስት ጥዳ ትሄዳለች። ሲጠይቁን እኔ ነኝ እያልኩ ነው ያቆየኋት፤ እሷ ከሆነች ይወስዷታል።» ግራ ቀኙን አየ። «ለእርስዎ የነገርኩዎት ደግ ሰው ስለመሰሉኝ ነው። ለማንም እንዳይናገሩብኝ።»

«አልናገርም» አለች ሐሴት።

«አደራ።»

«በአደራ ይዤዋለሁ።»

ትሪዎቹ መጡ። ጠባቂዋ ለሁለቱም የምስር ሾርባ አስቀመጠችላቸውና የሐሴትን ትከሻ ነካ አድርጋ አለፈች። ባሮክ አንዴ ቀመሰና ማንኪያውን መለሰ። ፊቱ ላይ የባለሙያ ትዝብት ትንሽ ታየና ጠፋ። ከዚያ እንግዳ ፊት መሆኑ ትዝ ብሎት እንደገና ማንኪያውን አነሣ፤ እሷ ገና እንዳልጀመረችም አየ።

«ይብሉ እንጂ» አላት። «ይቀዘቅዝብዎታል።»

ሾርባው ሲመጣም ቀዝቃዛ ነበር። ሐሴት ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና መብላት ጀመረች።